ተናውጦ ወደ ቦታው የሚመለስ ቤት

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ በጉምቦ፣ በአንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው የሰጠን ርእስ «የማኅበራችን አዳራሽና የወደፊት ተስፋችን» የሚል ነበር። ስለ ተስፋው ከእኛ የተሻለ የሚናገር ስለማይጠፋ፣ እኛ ስለ አዳራሹ፣ ከአዳራሹም ስለ ብረቱ ብቻ እንድንናገር ፈቃድ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ስለዚህ ግጥምም ሆነ ሽለላ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንደምታውቁት እኛ ከኒሙሌ መንገድ ዳር ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቱቦላሬና ሲሚንቶ የምንሸጥ ሰዎች ነን። ትምህርታችን ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የምንናገረውን ያገኘነው እዚህ ጁባ ለሥራ መጥቶ ከነበረ አንድ የአገራችን ልጅ ነው። ልጁ የሕንፃ መሐንዲስ ሲሆን፣ እሑድ እሑድ በሱቃችን በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ሥዕል እየሣለ ብዙ ነገር አስረዳን። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ስለነሣን በራሳችንም ፈልገን አነበብን። ብረት ስንሸጥ ስንት ዓመታችን፣ ብረት ምን እንደሚያደርግ ግን ያወቅነው ገና አሁን ነው።

ነገሩን ከዚሁ ከምንቀመጥበት መሬት እንጀምር። ከመካከላችን አብዛኞቻችን ወደ ጁባ የመጣነው እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። በመሆኑም ከዚያ አስቀድሞ እዚህ የሆነውን አናውቅም። ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1990) እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከጁባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ፣ በልኬት ከ7 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቦታው በወንዙ በዚህ በእኛ በጉምቦ በኩል ነው። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ከ6 በላይ የሆኑ ሌሎች ነውጦች ተከተሉት። በዚያ መቶ ዓመት በአፍሪካ ከደረሱት ትላልቆች መካከል የሚቆጠር ነው።

ታዲያ ለምን ብዙ አልተወራለትም? ከተማዋ ያኔ በጦርነት የተከበበች ነበረች፤ ዜናዋ ሁሉ የጦርነት ዜና ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኛ የሚበልጠው ነው። ያኔ በጁባም ሆነ በዙሪያዋ የነበረው ቤት በአብዛኛው ጎጆና ባለ አንድ ደርብ ቤት ነበር። ጎጆ ሲወዛወዝ ይወዛወዛል እንጂ ሰው ላይ የሚጭነው ሶሌታ የለውም። ዛሬ ግን በወንዙ ማዶ ስትመለከቱ የሚታየው ፎቅና መስተዋት ነው። ያ ሁሉ ከዚያ ነውጥ በኋላ የተሠራ ስለሆነ አንዱም ገና አልተፈተነም።

አገር ቤትም ቢሆን ያው ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ነውጥ አዲስ አበባን አናውጧታል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ የካራ ቆሬ ነውጥ ማጀቴን ሙሉ በሙሉ አፍርሶ፣ ከካራ ቆሬ ቤቶች ግማሽ ያህሉን ጥሎ፣ የአስመራን አውራ ጎዳና ሰነጣጥቆ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ የምትባለዋ መንደር ጠፋች። የቅርቡን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ ከርሞ፣ በየካቲት ወር ልኬቱ 6 ደረሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆነው «መብራቱ ብቻውን ይወዛወዛል» እያሉ በሌሊት ያልደወሉለት ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም።

ስለ ልኬቱ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ከ6 ወደ 7 ሲወጣ አንድ ቁጥር ብቻ የጨመረ ይመስላል። የሚለቀቀው ጉልበት ግን ሠላሳ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ፈንታሌ ያስደነገጠን፣ በ1990 እዚህ አጠገባችን ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ለዚህም አንድ የራሳችንን ታሪክ ለመናገር እንገደዳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀድሞውን ሱቃችንን በቱቦላሬና በአንጎላሬ አስበይደን አቁመነው ነበር። አንድ ቀን ሲሚንቶ ያራገፈ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የማዕዘኑን ምሰሶ ገጨው። ቤቱ አልወደቀም፤ ሰውም አልተጎዳም። ሁላችንም «ብረት እኮ ነው!» ብለን ተደሰትን። በማግስቱ ግን ነገሩ ተገለጠ። ቤቱ አራት ጣት ያህል ወደ መንገዱ አዘንብሏል። የብረቱ በር አልዘጋ አለ። መደርደሪያው ላይ ያለው የቀለም ቆርቆሮ እየተንሸራተተ ወረደ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ከግድግዳው ስለተላቀቀ ዝናቡ በሲሚንቶው ላይ ወረደ። በካቦ አስረን በመኪና ጎተትነው። መኪናው ሲጎትት ቀጥ ይላል፣ ካቦውን ስንፈታው ተመልሶ ያዘነብላል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ አፍርሰነው ብረቱን በቁርጥራጭ ዋጋ ሸጥነው። ያልወደቀ ቤት እንደ ወደቀ ቤት ከሰርንበት።

ይህን ስናጫውተው መሐንዲሱ ሳቀና «ጋሼ፣ የዓለም መሐንዲሶች ሠላሳ ዓመት የተጨነቁበትን ነገር እናንተ በአንድ መኪና ዐወቃችሁት» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ አገር ሕንፃ ሲሠራ፣ ነውጡን ሁሉ ሳይነካው እንዲችል አድርጎ መሥራት አይቻልም፤ ወጪው አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን የተስማሙበት ስልት ሕንፃው ሳይሰበር እንዲታጠፍ ማድረግ ነበር። አግዳሚው ብረት ከምሰሶው አጠገብ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ የነውጡን ጉልበት ይበላል፤ ሰውም ሮጦ ይወጣል። ይህ ስልት እጅግ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከልኩ በላይ የታጠፈ ብረት የቀድሞ ቅርጹን ይረሳል። ሽቦን በእጃችሁ ትንሽ ብታጎብጡት ይመለሳል፤ ብዙ ብታጎብጡት እንደ ጎበጠ ይቀራል። ሕንፃውም እንዲሁ አዘንብሎ ይቀራል።

ስንት ቢያዘነብል ነው የሚጠፋው? ይህን ስንሰማ ማመን አቅቶን ነበር። በጃፓን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሕንፃው ከቁመቱ ከመቶ ግማሽ እጅ (0.5 በመቶ) በላይ አዘንብሎ ከቀረ፣ ከመጠገን አፍርሶ መሥራት ይረክሳል። ይህም ማለት በ3 ሜትር ደርብ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የአውራ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም! አንድ በመቶ ሲደርስ ደግሞ ውስጡ የሚኖረው ሰው ራሱን ያዞረዋል። የእኛ ሱቅ በአራት ጣት ምን ይሁን?

ይህ በወረቀት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 በሎስ አንጀለስ አጠገብ ኖርዝሪጅ በተባለው ስፍራ ነውጥ ደረሰ። በብረት የቆሙት ፎቆች አልወደቁም። በኋላ ግን ሽፋኑ ተነሥቶ ሲታይ፣ አግዳሚው ከምሰሶው ጋር የተበየደበት ቦታ ከመቶ በሚበልጡ ሕንፃዎች ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። በዓመቱ በዚያው ቀን፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ተመታች፤ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። (ሁለቱም በእኛ አቈጣጠር ጥር 9 ላይ መዋላቸው ገርሞናል።) በዚያም የብረት ብየዳዎች ተሰነጠቁ። በዓለም ያለ የብረት ሰው ሁሉ «ብየዳውን አምነን ነበር» አለ። እኛም እዚህ ጉምቦ አሁንም ድረስ የምናምነው ብየዳውን ነው።

የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ደግሞ የባሰ ትምህርት ናት። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 በደረሰው ነውጥ 185 ሰዎች ሞቱ። ከነውጡ በኋላ ግን በከተማዋ መካከል ከአንድ ሺህ በላይ ሕንፃ እንዲፈርስ ተደረገ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቆመው የነበሩ፣ የገቡባቸውን ሰዎች በሕይወት ያስወጡ ሕንፃዎች ናቸው። ባለ 26 ፎቁ ግራንድ ቻንስለር ሆቴል አዘንብሎ ቀርቶ ከላይ ወደ ታች እየተቆረጠ ወረደ። የከተማዋ እንብርት ለዓመታት ባዶ ሜዳ ሆነ። ኒውዚላንዶች ኢንሹራንስ ነበራቸው። ወገኖቼ፣ እኛ ምን አለን?

ይህን የምንጠይቀው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ውጊያ ጊዜ ሱቃችን ተዘርፎ ባዶ እጃችንን የቀረን እዚህ ብዙ ነን። ያኔ ማኅበሩ አሳፈረን፣ አበደረን፣ እንደገና አቆመን። ያ ሳጥን ዛሬ የያዘው ገንዘብ ሻይ በሚያፈሉ እኅቶቻችን፣ ውኃ በሚያመላልሱ ሾፌሮች፣ በየምግብ ቤቱ በሚቆሙ ልጆች መዋጮ የሞላ ነው። ያን ገንዘብ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ላይ ልናፈስሰው ነው። አዳራሹ ሰውን አድኖ እርሱ ቢጠፋ፣ በእርግጥ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ነገር ግን ሳጥኑ ሁለተኛ አይሞላም።

ታዲያ ከኖርዝሪጅና ከኮቤ በኋላ መሐንዲሶቹ ምን አሰቡ? ተናውጦ ራሱን ወደ ቦታው የሚመልስ የብረት ሕንፃ አሰቡ። እንዴት እንደሚሠራ ከሱቃችን ባመጣነው ዕቃ እናሳያችሁ።

(እዚህ ላይ ዐሥር ደረቅ ሳሙናዎች በጠረጴዛ ላይ በረድፍ ተደርድረው ለተሰብሳቢው ታይተዋል።)

እነዚህ ሳሙናዎች አልተጣበቁም። ነገር ግን ከሁለቱም ጫፍ በመዳፋችን ጨምቀን ስናነሣቸው፣ አያችሁ፣ እንደ አንድ ሳንቃ ይነሣሉ። አሁን አንዱ ልጅ መካከሉን በጣቱ ይጫነው። ከታች በሳሙናዎቹ መካከል ክፍተት ተከፈተ። ጣቱን ሲያነሣ ክፍተቱ ተዘጋ። አንድም ሳሙና አልተሰበረም፤ ረድፉም ቀጥ ብሏል። መዳፋችን ባይጨምቅ ኖሮ መሬት ላይ በተበተኑ ነበር።

በሕንፃው ውስጥ የመዳፉን ሥራ የሚሠራው ካቦ ነው። አግዳሚው ፑትሬላ ከምሰሶው ጋር በብየዳ አይሞትም። ይልቁንም ከሕንፃው ጫፍ እስከ ጫፍ በአግዳሚው ጎን እጅግ ጠንካራ የሆኑ የተገመዱ ሽቦዎች ተዘርግተው፣ በክሪክ ተወጥረው ይታሰራሉ። ካቦው አግዳሚውን በምሰሶው ላይ ይጫነዋል። ነውጡ ሲመጣ በአግዳሚውና በምሰሶው መካከል ትንሽ ክፍተት ይከፈታል፤ ካቦው ይለጠጣል፤ ነውጡ ሲለቅ ካቦው ጎትቶ ይዘጋዋል። በዚህ ዓይነት የተሠሩ የብረት መጋጠሚያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ በአሜሪካ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተፈትነው ለዓለም ቀርበዋል።

ካቦው ለምን አይረሳም? ይህ ለእኛ ለብረት ሻጮች ዋናው ነጥብ ነው። በሱቃችን የምንሸጠው የ12 ሜትር ፌሮ ቢለጠጥ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እስኪረዝም ድረስ ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ ረዝሞ ይቀራል። ለዚህ ሥራ የሚውለው የተገመደ ካቦ ግን በዚያው 12 ሜትር ላይ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ተለጥጦ ወደ ልኩ ይመለሳል። የጭነት መኪና ባሌስትራና ተራ ላሜራ እንደሚለያዩት ማለት ነው። የኒሙሌን መንገድ የምትመላለሱ ሾፌሮች ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ካቦው ብቻውን ግን አይበቃም። ሾክ ያለቀበትን መኪና አስቡት፤ አንድ ጉድጓድ ከገባ በኋላ እስከ ኬላው ድረስ ሲዘል ይሄዳል። የነውጡን ጉልበት የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ ሆነ ተብሎ እንዲታጠፍ የተዘጋጀ አንጎላሬ ወይም በብሎን ተጠብቆ እየተፋተገ የሚንሸራተት ላሜራ ይደረጋል። ከነውጡ በኋላ የተጎዳውን አንጎላሬ ፈትቶ አዲስ ማሰር ነው። ዋናው ምሰሶና አግዳሚው አልተነኩም።

እዚህ ላይ ልክ አለው፤ ልኩም በበር ሞላ ይታወቃል። ማጠፊያው እጅግ ከጠበቀ ሞላው በሩን ሊዘጋው አይችልም፤ በሩ በግማሽ ቆሞ ይቀራል። ማጠፊያው ፈጽሞ ከላላ ደግሞ በሩ እየተላተመ ይኖራል። የካቦው መልስ ከፍትጊያው መያዝ መብለጥ አለበት። ፍትጊያው ከበለጠ ሕንፃው እንደ እኛ ሱቅ አዘንብሎ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ወጪ ለከንቱ ይሆናል። መሐንዲሱ ይህን በሥዕል ሲያሳየን መስመሩ ወጥቶ ሲመለስ የባንዲራ ቅርጽ ሠራ። በሙያቸውም በዚሁ በባንዲራ ስም እንደሚጠሩት ነገረን።

ሌላም ዓይነት አለ። በዚህኛው ክፈፉ በሙሉ በእግሩ ላይ ይወዛወዛል፤ አንዱ እግር ከመሠረቱ ትንሽ ይነሣል፤ ከላይ እስከ ታች የተወጠረ ካቦና የሕንፃው ክብደት ይመልሱታል፤ በመካከሉ ያለው የብረት ፊውዝ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ክፈፍ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ሚኪ በሚገኘው ኢ-ዲፌንስ በተባለው ታላቅ የመናወጫ ጠረጴዛ ላይ ባለ ሦስት ደርብ አድርገው አቁመው የኮቤን ነውጥ ደግመው አናወጡት። ክፈፉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚለወጠው ፊውዙ ብቻ ሆነ። በኒውዚላንድ ዌሊንግተን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚኖሩበት ቴ ፑኒ የተባለ ሕንፃም በእግሩ በሚወዛወዝ የብረት ክፈፍ ተሠርቶ ሰው ይኖርበታል። ክራይስትቸርችም እንደገና ስትሠራ ከአዲሶቹ ሕንፃዎቿ አብዛኞቹን በብረት አቁማለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አዳራሻችንን እንዲህ እንሥራው» የሚል አይጠፋም። እኛም ብለን ነበር። እንዲያውም ካቦውን ከሞምባሳ ለማስመጣት ሂሳብ ጀምረን ነበር፤ ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው። ልጁ ግን ከለከለን።

ካቦው በስንት ጉልበት እንደተወጠረ የሚለካ የታረመ መሣሪያና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በላላ ልክ ከታሰረ አይመልስም፤ እጅግ ከተወጠረ ደግሞ በነውጡ ጊዜ ልኩን አልፎ ይበጠሳል። ማሰሪያው ዝገት ከገባበት ማንም ሳያየው ያልቃል። ከዚህም ሌላ ክፍተቶቹ ሲከፈቱ ክፈፉ ወደ ጎን ይረዝማል፤ ሶሌታው ከሁሉም ምሰሶ ጋር ከታሰረ ይቀደዳል ወይም ክፈፉን ይዞ አላንቀሳቅስም ይላል። ስለዚህ ወለሉ ራሱ ተለይቶ መታቀድ አለበት። «ይህን የሚቆጣጠር ሰው ሳይኖር ካቦ ብትዘረጉ፣ በራሳችሁ ላይ ወጥመድ ዘረጋችሁ» አለን። አመንነው።

ነገር ግን ከነገሩ ልንወስደው የምንችለው አለ፤ ወደዚህ የመጣነውም ለእርሱ ነው።

የሚጎዳው ዕቃ አስቀድሞ ይታወቅ፣ ይታይ፣ ይፈታ። የአዳራሹን ክፈፍ በሰያፍ የሚይዙት ብረቶች በብሎን ይታሰሩ፤ ከምሰሶው ቀድመው እንዲጎዱ ሆነው ይታቀዱ፤ በብሎኬት ውስጥ አይቀበሩ። የጁባን አሮጌ ድልድይ አይታችሁ የለም? ያ በፒንና በብሎን የተገጣጠመ ብረት ስለሆነ ሲጎዳ የተጎዳው ክፍል እየተለወጠ ስንት ዓመት አሻገረን። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ እስኪከፈት ድረስ የጉምቦ ገበያ የኖረው በእርሱ ነው። አሮጌው ድልድይ መልክ የለውም፤ ነገር ግን የተሰበረበት ክፍል የቱ እንደሆነ ለማንም አይሰወርም።

ብየዳውን በተመለከተ ደግሞ ሥራችንን የሚነካ ነገር ልንናገር ነው። በየሜዳው፣ በጄኔሬተር፣ በእርጥብ ኤሌክትሮድ ምሰሶና አግዳሚ የሚያገናኘውን ብየዳ እናቁም። ብየዳው በወርክሾፕ ይሠራና ይፈተሽ፤ በቦታው ላይ የሚጠብቀው ብሎን ይሁን፤ ብሎኑም በጉልበት መለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። ስንት ጊዜ ቀጭን ቱቦላሬ «ይበቃል» ብለን ሸጠናል! የገዛው ሰው ለምን ሥራ እንደሆነ ሲነግረን ዝም ብለናል። ከእናንተ መካከል የገዛችሁን አላችሁ። ከእንግዲህ ለምሰሶ የሚሆነውንና የማይሆነውን በጠመኔ እየጻፍን ለይተን እንሸጣለን፤ ያንኑ በሱቃችን በር ላይ ለጥፈናል።

ስለ ፎቁ ብዛትም ግልጽ እንሁን። በሥዕሉ ላይ ያለው ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ፣ ፊቱም መስተዋት ነው። እጅግ ያምራል፤ የሣለውንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ሁለተኛው ፎቅ ለኪራይ ተብሎ የተጨመረ እንጂ ለስብሰባችን የሚያስፈልግ አይደለም። እርሱ ቢቀር በሚተርፈው ገንዘብ አፈሩን ማስመርመር፣ መሐንዲስ ማስቀጠር፣ ብሎኑን በሙሉ ልክ መግዛት ይቻላል። ቦታችን ወደ ወንዙ የቀረበ ነው፤ ደለል ደግሞ ነውጥን ያጎላል። አፈሩ ሳይታይ የሚሣል ሥዕል፣ ሰውነቱ ሳይለካ እንደሚሰፋ ኮት ነው።

አገር ቤት በምንልከው ገንዘብ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በአዲስ አበባ ቤት የምናሠራም ብዙ ነን። የአገራችን የሕንፃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታደስ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ ስሌት ቀድሞ ከነበረው የ100 ዓመት ነውጥ ወደ 475 ዓመት ነውጥ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በድሮው ስሌት የተሠራ የጎረቤት ፕላን ገልብጦ ለዘመዱ የሚልክ ካለ፣ በእናታችሁ፣ ይተወው። ፕላኑ በየትኛው ስሌት እንደተሠራ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ነው።

የሚቀረን አንድ ጉዳይ ነው። ልጁ አሁን በሌላ አገር በሥራ ላይ ቢሆንም፣ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ብቻ ላለው አዳራሽ፣ ያለ ካቦ፣ የምሰሶዎቹን እግር ረጃጅም ብሎንና የሞላ ሮንዴላ አድርጎ እንዲመለስ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሊያሰላልን ቃል ገብቷል። ለራሱ ድካም አንድም ብር አልጠየቀም። የጠየቀው የአፈሩን ምርመራ ውጤት ብቻ ነው። ያለ እርሱ አንድ መስመር አልሠራም ብሏል፤ ልክ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የአፈር ምርመራውን ወጪ ለድምፅ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን። እኛ ለምርመራው የሚሆነውን ቁፋሮ ሠራተኛና ማመላለሻ ከሱቃችን እንሸፍናለን። ሥዕሎቹ፣ የተጎበጠውና ያልተጎበጠው ፌሮ፣ የልጁም የሲሚንቶ ከረጢት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኙ ከምሳ በኋላ እየመጣችሁ ተመልከቱ። ሳሙናዎቹን ልጆች ይውሰዱ።